ለእግዚአብሔር መገዛት ምን ማለት ነው? ምን ማለትስ አይደለም?

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የኬንያ ፖሊስ በኪሊፊ አውራጃ፣ ከማሊንዲ ከተማ ራቅ ብሎ በሚገኘው የሻካሆላ ጫካ ውስጥ መቃብር መቆፈር ጀመረ። ቁፋሮው ወራት ፈጀ። የወጣው አስከሬን ከ400 በላይ ሆነ፤ ከሟቾቹ መካከል ብዙ ሕፃናት ነበሩ። ዐቃቤ ሕግ እንደሚለው ምእመናኑ በረሃብ ያለቁት ክርስቶስን ለመገናኘት እስከ ሞት እንዲጾሙ ሰባኪያቸው ስላዘዛቸው ነው። ሰባኪው ክሱን አልተቀበለም። የሁሉም ልብ የሚያውቀው ነገር ግን አለ፤ እነዚያ ሰዎች ቤታቸውን ሸጠው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጫካ የገቡት እግዚአብሔርን መታዘዛቸው መስሏቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ «ለእግዚአብሔር ተገዙ» የሚለው ስብከት በተነሣ ቁጥር ግራ የሚጋባው ሰው በዝቷል። አንዱ «መታዘዝ መጨረሻው ይኸው ነው» ይላል። ሌላው «እነርሱ ሞኞች ናቸው፤ እኛን አይመለከተንም» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም መጠየቅ ያለበትን አልጠየቁም። ክርስትና ራሱ መገዛት ሲል ምን ማለቱ ነው? ለማን? እስከ የት? ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ይህንኑ ነው።

ለመሆኑ መገዛት ምንን ይጨምራል?

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሦስት ነገር አንድ ላይ ሲገኝ መገዛት ይባላል። እግዚአብሔር ፈጣሪና ጌታ መሆኑን ማመን፣ የእርሱን ፈቃድ ከራስ ፈቃድ ማስቀደም፣ ያመኑትንም በሥራ መግለጥ ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ወንጌላዊውም በየዕለቱ «ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን» ብሎ ሲጸልይ ሦስቱንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናገራል። ጸሎቱ የሚጀምረው ግን «አባታችን ሆይ» ብሎ ነው። ፈቃዱ ይሁን የሚባለው ማን መሆኑ አስቀድሞ ተነግሯል።

መገዛትን ከዕድል አምልኮ ጋር የሚያምታቱት አሉ። «የመጣው ይምጣ፣ የጻፈው አይቀርም» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ በቤታችን የተለመደ ነው፤ መንፈሳዊም ይመስላል። የያዕቆብ መልእክት ግን «እንግዲህ ለእግዚአብሔር ተገዙ፤ ዲያብሎስን ግን ተቃወሙ» ይላል። መገዛትና መቃወም በአንድ ትንፋሽ ታዝዘዋል። ክፉ ነገር ሲደርስ ዝም ብሎ መቀበል በዚህ ቃል መሠረት የመታዘዝ ምልክት ሊሆን አይችልም።

ፍቅር እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ብዙ ሰው ነገሩን የሚያስበው በቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ትእዛዝ፣ ከዚያ መታዘዝ፣ በመጨረሻ ደመወዙ ፍቅር። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ተራ ይገለብጠዋል። ዐሥርቱ ትእዛዛት የተሰጡት በሲና ተራራ ነው፤ እስራኤል ሲና የደረሰው ደግሞ ከግብፅ ከወጣና ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቃል «አድርግ» ወይም «አታድርግ» አይደለም፤ «ከግብፅ ምድር ከባርነት ቤት ያወጣሁህ እግዚአብሔር አምላክህ እኔ ነኝ» የሚል ነው። ትእዛዙን ብትጠብቁ ነፃ አወጣችኋለሁ ቢል ኖሮ የሥራ ውል ይሆን ነበር። እርሱ ግን አስቀድሞ አውጥቷቸው ነበር። ዮሐንስም በመልእክቱ «እርሱ አስቀድሞ ወዶናልና እኛ እንወደዋለን» ሲል ያንኑ ቅደም ተከተል ይዞ ነው።

ተራው ሲገለበጥ ምን እንደሚመጣ ለማየት በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለውን ታላቁን ልጅ መመልከት ይበቃል። ሰባኪዎች ስለ ጠፋው ልጅ ብዙ ይሰብካሉ፤ ታላቁን ግን ቸኩለው ያልፉታል፤ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው። ከእርሻ ሲመለስ የዘፈንና የጭፈራ ድምፅ ይሰማል፤ ወንድሙ መምጣቱ ይነገረዋል፤ ይቆጣል፤ ከደጅ ይቀራል። አባቱ ወጥቶ ሲለምነው «ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ ከትእዛዝህም ከቶ አልተላለፍሁም» ይላል፤ አንድ ጥቦት እንኳ ስላልተሰጠውም ያጉረመርማል። ንግግሩ ውሸት የለበትም። አልሰረቀም፣ አልሸሸም፣ እርሻውን አርሷል። ግን የአባቱን ቤት የኖረበት እንደ ቀን ሠራተኛ ሒሳብ እየያዘ ነው፤ ወንድሙ ሲመለስም መደሰት አቃተው። አባቱ «ልጄ ሆይ፥ አንተ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነህ፥ ለእኔም የሆነ ሁሉ የአንተ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ልጁ ገብቶ ይሁን ደጅ ቀርቶ ወንጌሉ አይነግረንም። በሌላ አነጋገር፣ ትእዛዝ ሳይተላለፉ ከአባት ቤት ውጭ መቆም ይቻላል።

ጌታ ራሱ ለዚህ የመረጠው ምሳሌ ቀንበር ነው፤ ለኢትዮጵያ ገበሬ ደግሞ ቀንበር ማስረዳት አያሻም። ወይፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠመድ ብቻውን አይጠመድም፤ ሌላ ልምድ ከሌለው ወይፈንም ጋር አያቆራኙትም። ሥራ ከለመደ ትልቅ በሬ ጎን ይሰለፋል። ትልቁ በሬ ትልሙን ያውቃል፣ ዳር ሲደርስ መዞሩን ያውቃል፣ አብዛኛውንም ጉልበት እርሱ ያወጣል፤ ወይፈኑ አጠገቡ እየሄደ ይማራል። ቀንበሩም በደንብ ካልተጠረበ ጫንቃ ይልጣል፤ የተላገ ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ቢውል አያቆስልም። «ቀንበሬ ልዝብ ሸክሜም ቀሊል ነውና» የሚለውን ቃል ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን አስተማሪዎች በዚህ መንገድ ይተረጉሙታል። ጌታ ያልተሸከመውን አያሸክምም ማለታቸው ነው። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍም መታዘዝን ከሰው አይጀምርም፤ ክርስቶስ «ራሱን አዋረደ፥ ለሞትም ይኸውም የመስቀል ሞት እንኳ የታዘዘ ሆነ» ይላል።

በአካል ሲታይ ምን ይመስላል?

ወንጌላዊ አማኝ ተንበርክኮ ወይም እጁን ዘርግቶ ይጸልያል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ መገዛት በሰውነት ላይ በግልጥ የሚታየው በስግደት ነው፤ ከሁሉም ይልቅ በሰሙነ ሕማማት። በስቅለት ዕለት ከጧት ጀምሮ «ኪርያላይሶን» እየተባለ ይሰገዳል። ነጠላውን አመሳቅሎ ያደገደገው ሰው ይነሣል፣ ይወድቃል፤ ግንባሩ መሬት ይነካል፤ ቀትር ላይ የሽማግሌው ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ልጆቹ መቁጠር ይጠፋባቸዋል። ወደ ማታ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ይቆማሉ። ምእመናኑ ተራ ይዘው ጎንበስ እያሉ ይቀርባሉ፤ ካህኑ ጀርባቸውን በቅጠሉ እየጠበጠበ የሚሰግዱትን ቁጥር ይነግራቸዋል። ጥብጠባ የሚሉት ይህ ነው። ለእንግዳ ሰው ያስገርማል፤ ላደገበት ግን ሸክም የማራገፊያ ሰዓት ነው። ሀብታሙም ድኻውም አንድ ሰልፍ ላይ ያጎነብሳል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙም የማይነገርለት ደግሞ ስግደት የማይሰገድበት ጊዜ መኖሩ ነው። በእሑድና ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት በንስሐና በሕማማት እንደሚደረገው አይሰገድም፤ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሥርዓቱ የጥንት ነው፤ በ325 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በ20ኛው ቀኖናው በእሑድና በእነዚያ 50 ቀናት ተቁሞ እንዲጸለይ ወስኗል። ምክንያቱ ትንሣኤ ነው። የተነሣውን ጌታ የሚያመልክ ሰው በዚያ ወቅት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ያ መቆሙም መታዘዝ ነው። እንግዲህ ለእግዚአብሔር መገዛት ሁልጊዜ አንገት መድፋት፣ ራስን መናቅ የሚመስለው ሰው ዓመቱን ሙሉ ያለውን ሥርዓት ቢያይ ሥዕሉ ይለወጥበታል።

መታዘዝ አለመጠየቅ ነው?

አይደለም። አብርሃም ስለ ሰዶም ሲከራከር ከ50 ጻድቃን ጀምሮ እስከ 10 ድረስ ዋጋ አስቀንሷል፤ አልተገሠጸም። ኢዮብ መራራ ነገር ተናግሯል፤ በመጽሐፉ መጨረሻ ግን የተወቀሱት ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙ የመሰላቸው ወዳጆቹ ናቸው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለው የዳዊት ጩኸት በዕለት ጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጧል። በጌቴሴማኒም ክርስቶስ መጀመሪያ የለመነው ጽዋው እንዲያልፍለት ነው። «አባቴ፥ ቢቻልስ፥ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ካለ በኋላ ነው «ነገር ግን አንተ እንደምትወድ ይሁን እንጂ እኔ እንደምወድ አይሁን» ያለው። የሚፈልገውን ሳይደብቅ ተናገረ፤ ከዚያ አሳልፎ ሰጠ። «ፈቃድህ ይሁን» የሚለውን ቃል ለቅሶ ቤት ገብቶ የሐዘንተኛን አፍ ለመዝጋት የሚጠቀምበት ሰው የፊተኛውን ግማሽ ዘሎታል።

ከሁሉ የሚከብደው የይስሐቅ ታሪክ ነው። በዘፍጥረት 22 አብርሃም ልጁን እንዲሠዋ ይታዘዛል። ይህን ምዕራፍ «ቀላል ነው» ብሎ የሚሰብክን ሰው ማመን ይቸግረኛል። ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ያነበበችው ለክርስቶስ መሥዋዕትነት ምሳሌ አድርጋ ነው። አንድ ነገር ግን ሳያወላዳ ተጽፏል፤ የታሪኩ የመጨረሻ ትእዛዝ «በብላቴናው ላይ እጅህን አትዘርጋ» የሚል ነው፤ የተሠዋውም በግ ነው። ልጁን ለሞት አሳልፎ መስጠትን ከዚህ ምዕራፍ የሚቀዳ ሰባኪ ንባቡን እስከ መጨረሻ አላደረሰም።

መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት ነው?

ይህ ጥያቄ በአገራችን ሕይወት ያስከፈለ ነው። በኤች አይ ቪ ጊዜ ወደ እንጦጦ ጠበል የሄዱ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን መቀጠል እግዚአብሔርን አለማመን መስሏቸው አቋርጠውታል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ይህም በቤተ ክርስቲያኒቱ አዲስ ትምህርት አልነበረም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ሦስተኛውን ወንጌል የጻፈው ሉቃስም ጳውሎስ «የተወደደው ባለ መድኃኒቱ» ያለው ነው።

ሰው በእግዚአብሔር ስም ሲያዝዝስ?

ሻካሆላን ሻካሆላ ያደረገው እዚህ ላይ ያለው ስሕተት ነው። ለእግዚአብሔር መታዘዝ እና እግዚአብሔር ላከኝ ለሚል ሰው መታዘዝ ሁለት ነገር ናቸው። በመካከላቸው ሊመረመር የሚገባው ሰፊ ቦታ አለ።

በኦርቶዶክሱ ዘንድ የንስሐ አባት አለ። ኃጢአትን ይሰማል፣ ቀኖና ይሰጣል፣ ይመክራል፤ ይታዘዙታል። ሥልጣኑ ግን ከራሱ አይደለም፤ እርሱም በሥርዓት፣ በጳጳስና በራሱ የንስሐ አባት ሥር ያለ ሰው ነው። በወንጌላውያኑ ዘንድ መጋቢውና የሽማግሌዎች ጉባኤ አሉ፤ የማኅበሩም ሰው መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ «ይህ የት ተጻፈ?» የማለት መብት አለው። በሁለቱም ወገን አደጋው የሚጀምረው አዛዡ ራሱ ለማንም የማይታዘዝ ሲሆን ነው። ትንቢቱ ሳይፈጸም ሲቀር የማይጠየቅ፣ የገንዘቡን ሒሳብ የማያሳይ፣ ተከታዩን ከቤተሰቡ የሚለይ፣ ሲጠየቅ «በተቀባው ላይ አትናገር» የሚል ሰው በየትኛውም ስም ቢጠራ ከጥርጣሬ ውጭ ሊሆን አይገባም።

ሐዲስ ኪዳን በዚህ ጉዳይ ያልተጠበቀ ያህል ግልጥ ነው። ጳውሎስ «ሁሉን ፈትኑ፥ መልካሙንም ያዙ» ይላል፤ በሌላ መልእክቱም «በዋጋ ተገዝታችኋል፤ የሰው ባሪያዎች አትሁኑ» ይላል። ይህ ሁለተኛው ቃል ከሁሉ ይልቅ ነገሩን ይፈታዋል። ክርስቲያን የእግዚአብሔር ከሆነ ሌላ ማንም ሙሉ በሙሉ የራሱ ሊያደርገው አይችልም። ለአንዱ መገዛት ከሌሎቹ ፍጹም ገዢነት ነፃ ያወጣል። ጴጥሮስም እረኞቹን መንጋውን በኃይል እንዳይገዙ፣ ይልቁንም ምሳሌ እንዲሆኑለት አስጠንቅቋል።

ጸሎተ ሐሙስ ላይ ቤተ ክርስቲያን የሚቆይ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። ጳጳሱ ወይም ካህኑ ወገቡን ታጥቆ፣ የወይራና የወይን ቅጠል ከውኃ ጋር ይዞ፣ የምእመናኑን እግር እየዞረ ያጥባል። አቧራ የጠገበ፣ ጫማ የላጠው፣ ተረከዙ የተሰነጠቀ እግር ነው። ያጎነበሰው ባለ ሥልጣኑ ነው። «እንግዲህ እኔ ጌታና መምህር ስሆን እግራችሁን ካጠብሁ፥ እናንተ ደግሞ እርስ በርሳችሁ እግራችሁን ትተጣጠቡ ዘንድ ይገባችኋል» የሚለው ቃል የሚነበበው በዚያው ዕለት ነው።

ቤት ውስጥስ?

«ሚስቶች ሆይ፥ ለጌታ እንደምትገዙ ለባሎቻችሁ ተገዙ» የሚለው የኤፌሶን ጥቅስ በሽምግልና ጊዜ ሳይቀር እንደ ዱላ ሲያገለግል ይሰማል። ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር ሁሉም እርስ በርሱ እንዲገዛ ያዝዛል። ከእርሱ በኋላ ባል የታዘዘው ደግሞ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደዳት ሚስቱን እንዲወድድ ነው፤ ክርስቶስ የወደዳት ስለ እርስዋ ራሱን አሳልፎ በመስጠት ነው። ቤተ እምነቶች ስለ ባል ራስነት ያላቸው ትርጓሜ ይለያያል። ድብደባን የሚፈቅድ ትርጓሜ ግን ከዚህ ምዕራፍ ውስጥ ሊወጣ አይችልም፤ ደም እየደማች የመጣችን ሴት «ታገሺ፣ ተገዢ» ብሎ የሚመልስ ሽማግሌ ቁጥር 22ን አንብቦ ቁጥር 25 ላይ መጽሐፉን ዘግቷል።

ለመንግሥትስ?

ጳውሎስ በሮሜ 13 ለባለ ሥልጣኖች መገዛትን ያዝዛል፤ ግብር መክፈልም እዚያው አለ። ሐዋርያት ግን ስለ ክርስቶስ እንዳይናገሩ በታዘዙ ጊዜ «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» ብለዋል። ወሰኑ ይህ ነው። ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ያልያዘ ክርስቲያን ወይ ሁልጊዜ ዐመፀኛ፣ ወይ ሁልጊዜ አጎብዳጅ ይሆናል።

በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰምርኔስ ጳጳስ ፖሊካርጶስ ለሮም ቄሣር እንዲምልና ክርስቶስን እንዲሰድብ ሲታዘዝ 86 ዓመት ክርስቶስን እንዳገለገለና እርሱም ምንም እንዳልበደለው ተናግሮ፣ ያዳነውን ንጉሡን እንዴት እንደሚሰድብ ጠየቀ። «ንጉሤ» እና «ምንም አልበደለኝም» የሚሉት ሁለቱ ነገሮች በአንድ አፍ ተነገሩ። በእሳት እንዲቃጠል ተፈርዶበት ተገደለ።

በእኛም አገር ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በፋሺስት ጥይት ተረሸኑ። የተጠየቁት ነገር ቀላል ነበር፤ አርበኞቹን ሽፍታ እንዲሉና ሕዝቡ ለወራሪው እንዲገዛ እንዲሰብኩ ነው። እርሳቸው ግን ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ምድሪቱም ለወራሪው እንዳትገዛ ገዘቱ። 43 ዓመት ቆይቶ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአዲስ አበባ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ከዚያ በፊት ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ እምቢ አሉ። ምክንያታቸውን የሰጡት ከ2ኛ ቆሮንቶስ 5 ነው፤ ክርስቶስ ስለ ሁሉ የሞተው በሕይወት ያሉት ለራሳቸው እንዳይኖሩ ነውና መንጋቸውን ጥለው መሸሽ አልሆነላቸውም። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ሉተራዊ፤ አንዱ በባዕድ ወራሪ፣ አንዱ በገዛ አገሩ መንግሥት እጅ።

ታዲያ ፈቃዱ በምን ይታወቃል?

እዚህ ላይ ቤተ እምነቶቹ መንገዳቸው ይለያያል። የኦርቶዶክሱ አማኝ በቅዱስ መጽሐፍ፣ በአባቶች ትምህርት፣ በጾምና በጸሎት፣ በንስሐ አባቱም ምክር ይፈልገዋል፤ ወንጌላዊው በመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ፣ በጸሎትና ከማኅበሩ ጋር በመመካከር። «ማንን ላግባ? የትኛውን ሥራ ልያዝ?» ለሚለው ጥያቄ ከሰማይ ድምፅ የሚጠብቁ በሁለቱም ወገን አሉ፤ ለዚያ ድምፅ ክፍያ የሚቀበሉም አልጠፉም። የእግዚአብሔር ፈቃድ ትልቁ ክፍል ግን ምስጢር አይደለም፤ ተጽፎ ይገኛል። አትዋሽ፣ የሠራተኛህን ደመወዝ አታዘግይ፣ የበደለህን ይቅር በል፣ እናትና አባትህን አክብር፣ እንግዳውን ተቀበል ይላል። ስለ ተሰወረው ፈቃዱ ሌት ተቀን የሚጨነቅ ሰው የቤት ሠራተኛውን የሦስት ወር ደመወዝ ይዞ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።